ለማናውቀው ማሽን ከርነል መሥራት

በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ሰርቨር አቁሜ ነበር። ተማሪዎች በውስጥ ኔትወርክ መጻሕፍትና የቆዩ የፈተና ወረቀቶች ያነቡባታል፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ በዩኤስቢ ሞደም አዳዲስ ነገር ታወርዳለች። ጠባቂ የላትም። መብራት ሲሄድ ትጠፋለች፣ ሲመጣ ራሷ ትነሣለች። አንድ ዓርብ ከሰዓት ሸክሟን ላቅልልላት ብዬ የሊኑክስ ከርነሏን ራሴ ኮምፓይል አደረግሁና ጫንኩ፤ አጥፍቼ ሳላበራት ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቅዳሜ መብራት ሄዶ መጣ። ሰኞ ጠዋት ስደርስ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ደርቆ ቆሟል፤ ክብ መሰኪያ ያለው የድሮው ኪቦርድ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ከርነሉ ሩት ፋይል ሲስተሙን ማግኘት አቅቶት እጁን ሰጥቷል። በመልእክቱ መጨረሻ በቅንፍ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች አሉ፦ ዜሮ እና ዜሮ።

ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብዙ ተምሬያለሁ። የመጀመሪያው የመሣሪያውን ዓይነት፣ ሁለተኛው ከዚያ ዓይነት የትኛው እንደሆነ ይናገራል። 8 እና 1 ቢል ኖሮ፣ ከርነሉ ዲስኩንም የዲስኩን የመጀመሪያ ክፋይም አይቷል፣ ያላወቀው ክፋዩ የተዘጋጀበትን ፋይል ሲስተም ነው ማለት ይሆን ነበር። ሁለት ዜሮ ግን ሌላ ነገር ነው። ከርነሉ በዚህ ማሽን ላይ ዲስክ መኖሩንም አላወቀም። የዲስክ መቆጣጠሪያውን ድራይቨር ሞጁል አድርጌ ለብቻው ፋይል ትቼው ነበር፤ ፋይሉ ያለው ደግሞ እዚያው ዲስክ ላይ ነው። ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ ትቼ ሳጥኑን ቆልፌዋለሁ።

ከርነል ኮምፓይል ያደረገ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ሜኑኮንፊግ የተባለው የማዋቀሪያ ዝርዝር ሲከፈት በሺዎች በሚቆጠሩ ድራይቨሮች ፊት ሦስት መልስ ይቀርባል። ኮከብ ካደረግንበት ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አንድ ላይ ይሠራል፣ ቢልትኢን የምንለው ነው። ኤም ካልን ለብቻው ሞጁል ሆኖ በዲስክ ላይ ይቀመጣል፣ ሲፈለግ ይጫናል። ባዶ ከተውነው ጭራሽ አይሠራም። የትኛው ይሻላል ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ሜሞሪ ወይም ስለ ደኅንነት ነው። እኔ ግን መልሱ በድራይቨሩ ውስጥ የለም ባይ ነኝ። መልሱ ያለው ኮምፓይል የሚያደርገው ሰው ዘንድ ነው፦ ከርነሉ የሚነሣበትን ማሽን ምን ያህል ያውቀዋል? ነገ ሲበላሽስ የሚጠግነው ማን ነው?

መጀመሪያ ጥያቄው ራሱ አልነበረም። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ውስጥ ተማሪ ሳለ የጻፈው የመጀመሪያው ከርነል 10 ሺህ መስመር ገደማ ነበር፤ የተጻፈውም ጠረጴዛው ላይ ላለችው 386 ነው። ዲስኩን ያውቀዋል፣ ኪቦርዱን ያውቀዋል፣ የሚጠግነውም እሱ ራሱ ነው። ሁሉም ነገር ውስጡ ቢሆን ምን ችግር አለው? ሞጁል የመጣው ከርነሉ የጸሐፊውን ቤት ለቅቆ ማንም ወዳልቆጠራቸው ማሽኖች ሲሄድ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ዛሬ የከርነሉ ኮድ ከ30 ሚሊዮን መስመር አልፏል፤ ከዚያ የሚበዛው ድራይቨር ነው። ይህን ሁሉ ጠቅልሎ የያዘ አንድ ከርነል ሠርቶ ለማንም መስጠት አይታሰብም።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ማረም እፈልጋለሁ፣ ብዙ ሰው ሲወድቅበት ስላየሁ። ሞጁል ለብቻው ፋይል በመሆኑ ከከርነሉ በግድግዳ የተለየ የሚመስላቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባውም ሊነስን ሲሞግተው የጠየቀው እንዲህ ያለ ግድግዳ ነበር፤ ድራይቨር ከከርነሉ ውጭ ራሱን ችሎ ይሥራ ማለቱ ነው። ሞጁል ለዚያ ጥያቄ መልስ አይደለም። አንዴ ከተጫነ በከርነሉ ሜሞሪ ውስጥ፣ በከርነሉ ሙሉ ሥልጣን ይሠራል። ሲሳሳት ማሽኑን በሙሉ ይዞ ይወድቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ድራይቨሩ መቼና በማን ውሳኔ ይገባል የሚለው ብቻ ነው፤ ከገባ በኋላ ምን ማድረግ ይችላል በሚለው ላይ ልዩነት የላቸውም።

የፍጥነቱ ነገር እዳው ገብስ ነው። ዋናው ከርነል በኤክስ86 ማሽን ላይ የሚቀመጠው በትልልቅ፣ ባለ 2 ሜጋባይት የሜሞሪ ገጾች ነው፤ ሞጁሎች ግን ለረጅም ጊዜ የኖሩት ባለ 4 ኪሎባይት ገጾች ላይ ነው፣ እያንዳንዱም የመጨረሻ ገጹን ሳይሞላ ይተዋል። ይህን ልዩነት ለክቶ የሚጨነቅ የሥራ ዓይነት አለ። አብዛኞቻችን ግን እዚያ ውስጥ የለንም።

ማሽኑን ከማያውቀው እንጀምር። ዴቢያንን የመሰለ የሊኑክስ ስርጭት ከርነሉን ሲያዘጋጅ፣ የሚጭነው ሰው የአሥር ዓመት ላፕቶፕ ይኑረው ወይም አዲስ ሰርቨር አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም። ስለዚህ ሊሠራ የሚችለውን ሁሉ ሞጁል ያደርጋል። ይህ ስንፍና አይደለም። ማሽኑን ለማወቅ ዕድል ላለው አካል፣ ለማሽኑ ለራሱ፣ ውሳኔውን ማስተላለፍ ነው። አሠራሩም ያምራል። እያንዳንዱ ሞጁል የሚያውቃቸውን መሣሪያዎች መለያ ቁጥር በውስጡ ይዟል፤ ዴፕሞድ የተባለው ፕሮግራም ከሁሉም ሰብስቦ አንድ መዝገብ ይጽፋል። ካርድ ሲሰካ ከርነሉ የካርዱን ቁጥር ይጠራል፦ የሠሪው ቁጥር ይህ፣ የዕቃው ቁጥር ይህ። ኢንቴል የሠራው ካርድ ከሆነ የሠሪው ቁጥር 8086 ነው፣ በዝነኛው ቺፑ ስም። ዩዴቭ የተባለው ፕሮግራም ጥሪውን ይሰማል፣ ሞድፕሮብ የተባለው ደግሞ መዝገቡን ያያል፣ ልኩ የሆነው ሞጁል ይገባል። ሌሎቹ ሺዎች ዲስኩ ላይ ተኝተው ይቀራሉ። ያው ሁሉ ቢልትኢን ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ አይቶት የማያውቀው ካርድ ድራይቨር ሁሉ ሜሞሪ ይዞ ይቀመጥ ነበር።

ታዲያ ስርጭቶቹ የእኔ ሰርቨር ጉድጓድ ውስጥ ለምን አይወድቁም? ከርነሉን ስንቅ ስለሚያስይዙት ነው። ከከርነሉ ጋር ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ትንሽ የፋይል ጥቅል አብሮ ሜሞሪ ላይ ይጫናል፤ በውስጡ የዲስክና የፋይል ሲስተም ሞጁሎች አሉ። ከርነሉ ያንን ከፍቶ፣ የሚያስፈልገውን ጭኖ፣ ከዚያ ወደ እውነተኛው ዲስክ ይሻገራል። ዴቢያን ኤክስት4 የተባለውን ፋይል ሲስተም ሞጁል አድርጎ ይተወዋል፣ ኡቡንቱ ቢልትኢን ያደርገዋል፤ ስንቁ ስላለ ሁለቱም ይነሣሉ። እኔ የስርጭቱን ልማድ ቀድቼ ስንቁን ረሳሁት። ሞጁል ያለ ስንቅ የማይሆንበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሞጁሎቹ ወዳሉበት ዲስክ የሚያደርሰው መንገድ፤ እኔ ደግሞ የሳትኩት እሱኑ ነው።

ከዚያ ሰኞ በኋላ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። ላፕቶፔ ላይ ያለውን ሃርድዌር አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፣ ለምን ሁሉንም ቢልትኢን አላደርገውም አልኩ። ኮከብ በኮከብ አደረግሁት። ተነሣ፣ ፈጠነም፤ ዋይፋይ ግን የለም። ካርዱ አለ፣ ድራይቨሩ አለ፣ ኔትወርኩ የለም። ሙሉ ሌሊት የፈጀብኝን ነገር የከርነሉ መዝገብ ላይ ሁለት መስመሮች ይናገሩት ነበር፣ የሌሊቱን ግማሽ ሳላያቸው አሳልፌ እንጂ። በአንደኛው ሰከንድ ላይ የዋይፋይ ድራይቨሩ ፈርምዌሩን ጠይቆ ስሕተት 2 የሚል መልስ አግኝቷል፤ እንዲህ ያለ ፋይል የለም ማለት ነው። በሁለተኛው ሰከንድ ላይ ሩት ፋይል ሲስተሙ ተከፍቷል።

አብዛኛው የዘመኑ ዋይፋይ ካርድና ግራፊክስ ካርድ ያለ ፈርምዌር፣ ማለትም ካርዱ ራሱ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ካልተሰጠው፣ ሥራ አይጀምርም። ድራይቨሩ ሲነሣ ፋይሉን ከዲስክ ላይ አንብቦ ለካርዱ መስጠት አለበት። ቢልትኢን የሆነ ድራይቨር ግን የሚነሣው ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት ነው። ይጠይቃል፣ የለም ይባላል፣ ተስፋ ይቆርጣል። ያው ድራይቨር ሞጁል ቢሆን የሚጫነው ዲስኩ ከተከፈተ በኋላ ስለሆነ ፈርምዌሩን እዚያው ያገኘዋል። ቢልትኢን አስተማማኝ ነው የሚለው ምክር እዚህ ላይ ተገልብጦ ይወድቃል። መፍትሔ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ፈርምዌሩን ራሱን ከርነሉ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፣ በስንቁ ውስጥ መቋጠርም ይቻላል። የመጀመሪያውን ከመረጥን ግን ፈርምዌሩ በታደሰ ቁጥር ከርነል እንደ አዲስ ልንሠራ ነው። ማሽኑን አውቀዋለሁ ስል የማውቀው የዕቃዎቹን ስም ነበር። በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚነቁ፣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ አላውቅም ነበር፤ ማሽንን ማወቅ ያለ እሱ ጎደሎ ነው።

የደኅንነቱ ክርክር ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም በቀላሉ ግማሹ ብቻ ይነገራል። ሞጁል መጫንን ጨርሶ የከለከለ ከርነል ላይ፣ የአስተዳዳሪውን (የሩትን) ሥልጣን የሰረቀ ሰው ተንኮለኛ ሞጁል ሊያስገባ አይችልም፤ ስለዚህ ሁሉም ቢልትኢን ይሁን ይባላል። ይህን ጥቅም ግን ሞጁል ሳይተዉም ማግኘት ይቻላል። ከ2.6.31 ጀምሮ ማሽኑ ተነሥቶ የሚያስፈልገው ሁሉ ከተጫነ በኋላ አንዲት ቁጥር 1 በመጻፍ በሩን መዝጋት ይቻላል፤ ማሽኑ ዳግም እስኪነሣ ድረስ ሩትም ቢሆን አይከፍተውም። ከ3.7 ወዲህ ደግሞ ያልተፈረመበት ሞጁል እንዳይገባ ማድረግ ይቻላል።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ቦታ ነው። አርዲኤስ የሚባል፣ ጥቂት የዳታቤዝ ክላስተሮች ካልሆኑ በቀር ማንም የማይጠቀምበት የኔትወርክ ፕሮቶኮል አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ተራ ተጠቃሚ ሩት የሚሆንበት ቀዳዳ ተገኘበት። ቀዳዳውን አስከፊ ያደረገው፣ ፕሮቶኮሉን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ማሽን ላይም መሥራቱ ነው፤ ሞጁሉ ዲስካቸው ላይ ተኝቷል፣ ተራው ተጠቃሚ የዚያ ዓይነት ሶኬት ክፈትልኝ ሲል ከርነሉ በቅንነት ሞጁሉን ጠርቶ ያስገባዋል። በ2017 ዲሲሲፒ በተባለ ሌላ ፕሮቶኮል ላይ የተገኘው ቀዳዳም በዚያው በር የሚገባ ነበር፣ ኮዱ ውስጥ ከ2005 ጀምሮ ተቀምጦ። ፕሮቶኮሉ ራሱ በ2025 ከከርነሉ ወጥቷል።

እዚህ ላይ ሦስቱን መልሶች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ቢልትኢን ያደረገው ሰው ቀዳዳውን ሁልጊዜ ክፍት አድርጎ ይዟል፤ አዲስ ከርነል መጥቶ ማሽኑ እስኪነሣ ድረስም ሊያደርግ የሚችለው ጥቂት ነው። ሞጁል ያደረገው ሰው ሳያውቅ ይጠቃል፣ ዜናውን በሰማ ቀን ግን አንዲት መስመር ጽፎ ሞጁሉ እንዳይጫን ይከለክላል። ባዶ የተወው ሰው ዜናውን መስማትም አያስፈልገውም። ቢልትኢን ይሻላል ወይስ ሞጁል እያልን ስንከራከር ሦስተኛው መልስ ተረስቶ ይቀራል፤ እኔ ግን በደኅንነት በኩል ትልቁ ሥራ ያለው እዚያ ነው እላለሁ። ባዶ ለመተው ግን ድፍረት ብቻ አይበቃም፤ ይህ ማሽን ይህን ነገር ፈጽሞ አይፈልገውም ብሎ መናገር መቻል ያስፈልጋል፣ እንደገና ማሽኑን ወደማወቅ ተመለስን።

ማሽኑን ሙሉ በሙሉ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ፋየርክራከር የሚፈጥራት ትንሽ ቨርቹዋል ማሽን ያላት መሣሪያ በጣት የሚቆጠር ነው፦ የኔትወርክ ካርድ፣ ዲስክ፣ አንድ ሲሪያል ኮንሶልና ጥቂት ነገር። ሃርድዌሩን የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው፣ ከርነሉንም የሚያድሱት ሲፈልጉ ነው። ድራይቨሮቹ ቢልትኢን ናቸው፣ ስንቅ አያስፈልግም፤ ማሽኗም በ125 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሥራ ለመጀመር ትደርሳለች። እንዲህ ላለ ሰው ሞጁል ምን ይሠራለታል?

ስልክ አምራቾችስ? መከራከሪያዬን የሚፈትነው የእነሱ ነገር ነው። አምራቹ ማሽኑን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ካሜራው፣ ስክሪኑ፣ ቻርጅ የሚቆጣጠረው ቺፕ ስልኩ እስኪጣል ድረስ አይለወጡም። ስለዚህ ሁሉን አንድ ላይ ሠርቶ መሸጥ ነበረበት፣ ለዓመታትም ያደረገው ይህንኑ ነው። ውጤቱን በኪሳችን ይዘን ኖረናል፦ አዲስ ሳለ ጥሩ የሚሠራ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከርነሉን ማንም የማይነካው ስልክ። የከርነሉ ኮድ ከዋናው ምንጭ ወደ ጉግል፣ ከጉግል ወደ ቺፕ ሠሪው፣ ከቺፕ ሠሪው ወደ ስልክ ሠሪው ሲሄድ እያንዳንዱ እጅ የራሱን ይጨምርበት ነበር። የጉግል ሰነዶች ራሳቸው በአንድ ስልክ ላይ ከሚሠራው የከርነል ኮድ እስከ ግማሽ ያህሉ ከዋናው ምንጭ ውጭ ሊሆን ይችላል ብለዋል። ዋናው ከርነል ላይ ቀዳዳ ሲደፈን፣ ጥገናው እነዚህን እጆች ሁሉ አልፎ ነው ስልኩ ላይ የሚደርሰው፤ አንዱ እጅ ከታከተው እዚያው ይቀራል። ድራይቨሩና ከርነሉ አንድ ቁራጭ ስለሆኑ አንዱን ትቶ ሌላውን ማደስ አይቻልም።

ማሽኑን ማወቅ ብቻውን ያልበቃው ለዚህ ነው። አምራቹ ማሽኑን ያውቀዋል፣ ነገ ግን ከርነሉን የሚጠግነው እሱ አይደለም። ጉግል በአንድሮይድ 12፣ በ5.10 ከርነል ለሚመጡ ስልኮች ያስገደደው ለውጥ ይህን የተረዳ ነው። ዋናው ከርነል በጉግል ተሠርቶ ተፈርሞ ይመጣል፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የቺፕ ሠሪውና የስልክ ሠሪው ድራይቨሮች ሞጁል ሆነው ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ሞጁሎቹ ከከርነሉ የሚጠሯቸው ስሞች በዝርዝር ተይዘው በዚያ የከርነል ቅርንጫፍ ዕድሜ እንዳይለወጡ ይጠበቃሉ፤ ዋናው የሊኑክስ ማኅበረሰብ ለማንም የማይገባውን ቃል ጉግል ለራሱ ቅርንጫፍ ገባ ማለት ነው። ስልኩ ሲነሣ ቀድመው የሚያስፈልጉት ሞጁሎችም ለብቻው በተከለለ የማከማቻ ክፍል፣ በትንሽ የሜሞሪ ዲስክ ውስጥ ተቋጥረው ይመጣሉ። ያው የኔ ሰርቨር ያጣችው ስንቅ ነው።

ከርነሉና ድራይቨሩ የሚለያዩበት ስፌት መኖር ያለበት የሁለቱ ጠጋኞች እጅ በሚገናኝበት ቦታ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም የሚጠግን ከሆነ ስፌቱ ትርፍ ነው፣ አንድ ላይ ይሠራ። ሁለት ከሆኑና አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ መሥራት ካለበት፣ ሞጁል ካልሆነ መለያየት አይችሉም።

ስፌት ዋጋም አለው፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። እንደ ጉግል ያለ ቃል የገባ ከሌለ፣ ሞጁል የሚስማማው ከተሠራለት ከርነል ጋር ብቻ ነው። አንዳንድ ስርጭቶች ላይ ከርነላቸውን አድሰው ማሽኑን ዳግም ሳያስነሡ ፍላሽ የሚሰኩ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ እየሠራ ያለው አሮጌው ከርነል ነው፣ የእሱ ሞጁሎች ግን ከዲስኩ ላይ ተጠርገዋል። ፍላሹ አይከፈትም። ሰውየው ፍላሹን ነቅሎ ይሰካል፣ በሌላ ቀዳዳ ይሞክራል፣ ተበላሸ ብሎ ያዝናል። ማሽኑን አጥፍቶ ሲያበራው ደህና ሆኖ ያገኘዋል።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ልመለስ። ያን ሰኞ ሰርቨሯን በአሮጌው ከርነል አስነሥቼ መጀመሪያ የሞከርኩት ሎካልሞድኮንፊግን ነበር። ስቲቨን ሮስተድት የጻፈው፣ ከ2.6.32 ጀምሮ ከከርነሉ ጋር የሚመጣ መሣሪያ ነው፤ አሁን የተጫኑትን ሞጁሎች አይቶ የቀሩትን ሁሉ ያጠፋል። ሰዓታት የሚፈጀውን ኮምፓይል ወደ ደቂቃዎች ያወርደዋል፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ግን የሚያየው ዛሬን ነው። በዚያ ሰዓት ያልተሰካ ፕሪንተር፣ ያልገባ ፍላሽ፣ ገና ያልተገዛ ሞደም ለእሱ የለም። ዝርዝሩን ካወጣሁ በኋላ ከሰርቨሯ ፊት ተቀምጬ እያንዳንዱን መስመር በእጄ አየሁት። የዲስክ መቆጣጠሪያውንና ኤክስት4ን ቢልትኢን አደረግሁ፤ ዲስኩ ቢበላሽ እንኳ የሚተካው በዚያው መሰኪያ ላይ ነው። የኔትወርክ ካርዱ ፈርምዌር ስለሚጠይቅ ሞጁል ሆነ። ብሉቱዝ፣ ድምፅ፣ አርዲኤስና መሰሎቹ ባዶ ቀሩ። የዩኤስቢ ሞደም ድራይቨሮችን ግን፣ ያኔ የነበረው ሞደም የሚፈልገው አንዱን ብቻ ቢሆንም፣ ሁሉንም ሞጁል አድርጌ መለስኳቸው። ከዚያ ገመዱን ከግድግዳው ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ ሦስት ጊዜ።

ባለፈው ወር የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ለሌላ ጉዳይ ደውለውልኝ ስለ ሰርቨሯ ጠየቅኋቸው። «እሷማ ደህና ናት» አሉኝ። «ሞደሙ ተበላሽቶብን ሌላ ገዝተን ሰክተናል። ለአንተ መንገር ነበረብን እንዴ?»